አፈር የማትሻ አበባ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ የቆርቆሮ አጥሮች እርስ በርስ ተደጋግፈው በቆሙበት ጠባብ መንገድ ላይ፣ ውብነሽ የምትባል ልብስ ሰፊ ትኖራለች። ድሮ ቀሚስ ትሰፋ ነበር። አሁን የምትሰፋው የከባድ መኪና ጋቢና መጋረጃ ነው። ከአዲስ አበባ ዶራሌ ወደብ የሚመላለሱ ሾፌሮች የበረሃው ፀሐይ በመስታወት እንዳይገባባቸው፣ ደግሞም ስንት ሌሊት የሚያድሩባት ጋቢና ትንሽ ቤት ቤት እንድትል፣ ዘርፍ ያለው የከፋይ መጋረጃ ይወዳሉ። አንዱ ቀይ ከወርቃማ ዘርፍ ጋር ይላል፣ ሌላው ሰማያዊ፣ ሌላው የሚደግፈውን የኳስ ቡድን ቀለም ያዛል። ውብነሽ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። መጋረጃዎቿ በረሃውን አቋርጠው፣ አዋሽን ተሻግረው፣ እሷ በስም ብቻ በምታውቃቸው ከተሞች ሲወዛወዙ ይውላሉ። እሷ ግን ከስፌት መኪናዋ ፊት አትነሳም።

የተወለደችው እዚሁ ነው። አያቷ በባቡሩ ዘመን ፍሬን ያዥ ሆነው መጥተው ቀሩ፤ አባቷ እዚሁ ነግደው እዚሁ ሞቱ። ሀገር ቤት የምትለው ቦታ የሄደችው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ሲሆን፣ በሄደች ቁጥር ብርዱ ጉንፋን ያሲዛት ነበር። ያም ሆኖ በቤታቸው ለማንኛውም ሕመም መድኃኒቱ አንድ ነበር። ልጅ ሲያተኩሰው፣ አባት ወገባቸውን ሲያማቸው፣ እናት እንቅልፍ ሲያጡ የሚባለው “ሀገር ቤት ወጥቶ ቢመለስ ይሻለው ነበር” ነው። የደጋው አየር፣ የምንጩ ውሃ፣ አፈሩ። አፈሩ ምን እንደሚያደርግ ማንም አስረድቶ አያውቅም፤ ግን ሁልጊዜ ከአየሩና ከውሃው ቀጥሎ ይጠራል።

እህቷ መዓዛ በዚህ ነገር ትስቅ ነበር። መዓዛ ባሕሩ ዳር ያለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ሆቴሉ በአውሮፕላን ኦርኪድ የሚባል አበባ እያስመጣ ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀምጣል፤ አበባው ሲረግፍ ተክሉን ከነማሰሮው ይጥለዋል። መዓዛ የተጣሉትን አንስታ፣ በሚኒባስ ሰው መሀል ታቅፋ፣ እቤት ታመጣቸዋለች። ሌላው ሰው ያለቀለት እንጨት የሚመስለውን እሷ “ደክሟት ነው” ትለው ነበር።

ኦርኪድ በጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይኖራል? መዓዛ ዘዴ ነበራት። የቧንቧው ውሃ ጨው ስላለበት ሥሮቻቸውን ያቃጥላል። ስለዚህ ከኤሲው ጀርባ የሚንጠባጠበውን ውሃ በጎማ ወደ ጀሪካን አስገባች። ከአየር የተጨመቀ ውሃ ነው፤ ጨው የለበትም፣ ሽታ የለበትም፣ እንደ ዝናብ ንጹህ ነው። ዝናብ በማያውቅ ከተማ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ቤት ጀርባ፣ ቀኑን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ተክሎቹም በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ጥላና እርጥበት ባለበት፣ ተደርድረው ይኖሩ ነበር። ሲያብቡ ነጩ ግድግዳ ላይ ቢራቢሮዎች መጥተው ያረፉ ይመስል ነበር።

ባለፈው የሙቀት ወቅት፣ ኻምሲን የሚሉት ትኩስ ንፋስ አሸዋውን ከበረሃ እያነሳ ከተማውን ሲጠብስ፣ መዓዛ ልቧን ታመመች። ዘመድ ሁሉ ደጋ ውሰዷት አለ። መዓዛ እምቢ አለች።

“እኔ እዚህ የበቀልኩ ሰው ነኝ። እዚያ ሄጄ ከማላውቀው ብርድ ጋር ልተዋወቅ?”

ሙቀቱ ሳያልቅ እሷ አለቀች።

ከእሷ በኋላ ኦርኪዶቹ አንድ በአንድ ተከተሏት። ውብነሽ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፤ የምታውቀው ግን ጥቂት ነበር። መጨረሻ ላይ የቀረችው መሀሏ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለባት ነጯ ብቻ ናት። እሷም ከዚያ ወዲህ አላበበችም። ይቺ ከሞተች በዚህ ቤት ውስጥ መዓዛ በእጇ ያሳደገችው፣ ሕይወት ያለው ነገር አይኖርም። ውብነሽ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ጠዋት ስትነሳ ግን ፊቷን ከመታጠቧ በፊት መጀመሪያ የምታየው ያቺን ተክል ነው።

ተክሏ ደግሞ ቦታዋ ጠቧት ነበር። ሥሮቿ ከማሰሮዋ አፍ ወጥተው ወደ ውጭ ተንጠልጥለዋል፤ ውስጥ ያለው የዛፍ ቅርፊት በስብሶ እንደ ትንባሆ ልሟል። መቀየር አለበት። መዓዛ ይህን የምትሠራው በየሁለት ዓመቱ ገደማ፣ ሬዲዮ ከፍታ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግታ ነበር። ቅርፊቱን ከፈረንሳይ የሚያስመጣላት የሆቴሉ አትክልተኛ ነበር፤ እሱም ሥራውን ለቅቆ ሄዷል። ውብነሽ ቡላኦስ ገበያ ወርዳ ጠየቀች። ያሳዩዋት የማገዶ እንጨት ነበር።

በዚያ ሰሞን ነው ጀንበሬ የመጣው።

ጀንበሬ ተሳቢ የሚነዳ፣ ጺሙ ሽበት የጀመረው፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚገፋፋ ሾፌር ነው። ከደንበኞቿ ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያወራ እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ መጋረጃቸውን በመስኮት ይቀበሉና ይሄዳሉ።

“እትዬ ውብነሽ፣ የባለፈው መጋረጃ አጠረብኝ” አላት ገና ሳይቀመጥ።

“መጋረጃ አያጥርም። ጋቢናህ ሰፍቶ ይሆናል።”

“መኪና ያድጋል እንዴ?”

“ሾፌሩ ካደገ ምን ይታወቃል።”

ሆዱን ይዞ ሳቀ። ውብነሽም ሳቀች፤ ሳቋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ወስዳ ተክሏን አሳየችው።

“ስትመለስ የዛፍ ቅርፊት ታመጣልኛለህ? ደረቅ፣ ሻካራ ቅርፊት። ለእሷ ነው።”

ጀንበሬ አንገቱን አዘንብሎ አየ።

“አበባ ናት ነው የምትይኝ? ጎመን ነው የምትመስለው።”

“ስታብብ አታውቃትም።”

“መቼ ነው የምታብበው?”

“ደስ ሲላት።”

“እንደ እኔ ሚስት ናታ” አለ። ከዚያ እንደሚያመጣ ቃል ገባላት።

ሄደ። ውብነሽ ጠበቀች። ሾፌር መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም፤ ወደቡ ላይ ወረፋ አለ፣ ኬላ አለ፣ ጎማ አለ። እሷ ግን መኪና መንገዱ አፍ ላይ ሲያጓራ ስፌቷን ታቆም ጀመር። ቅርፊቱን ነው የምጠብቀው ትላለች ለራሷ።

ሲመጣ ትከሻው ላይ ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ነበር። ደጃፉ ላይ ሲያወርደው ድም አለ። ቅርፊት እንዲያ ድም አይልም።

“አፈር አመጣሁልሽ” አላት ላቡን እየጠረገ። “ከአሰበ ተፈሪ በላይ፣ ከጨርጨር። ቀይ አፈር። እንኳን አበባ የደረቀ ዱላ ብትተክዪበት ይበቅላል።”

“ቅርፊት ነበር ያልኩህ።”

“ቅርፊት ምን ያደርግላታል? ሰው ቆዳ ይበላል? ኬላ ላይ እኮ በዚህ ጉድ ሆኛለሁ። ፈታሹ ‘ምንድን ነው?’ አለኝ። አፈር አልኩት። ‘ለምን?’ ለአበባ አልኩት። ሰውዬው አላመነኝም። እስከ ክንዱ አስገብቶ እስከ ታች ፈለገ። ምንም ሲያጣ ይበልጥ ተጠራጠረ። ‘ጅቡቲ አፈር የለም እንዴ?’ አለኝ። አለ፣ ግን ጨው ነው አልኩት። እጁን ሲያወጣ እስከዚህ ቀይ ሆኖ ነበር፣ ሂና የተቀባች ሙሽራ መስሎ።”

ውብነሽ ከረጢቱን ፈታችና እጇን አስገባች። አፈሩ ከላይ ሞቅ ያለ፣ ከውስጥ ግን ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ፣ ያን ሁሉ ፀሐይ አልፎ፣ ከውስጡ ቅዝቃዜውን ይዞ መጥቷል። ሽታው እንደ ዝናብ መጀመሪያ ነበር። አንድ ቀጭን ሥርና አንዲት የሞተች ጥንዚዛ ወደ እጇ መጡ።

መዓዛ የነገረቻትን አልረሳችም። ኦርኪድ መሬት ላይ አይበቅልም፤ በሀገሩ በዛፍ ግንድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሥሩን ለአየር ሰጥቶ ነው የሚኖረው። አፈር ያፍነዋል። ይህን ስንት ጊዜ ሰምታለች። ግን ያን ቀን፣ እጇ እስከ አንጓዋ በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ሆኖ፣ የአባቷ ቤት ንግግር ሁሉ ተመለሰባት። አየሩ፣ ውሃው፣ አፈሩ። መዓዛን ደጋ የወሰዳት አልነበረም። ደጋው ራሱ በማዳበሪያ ተጭኖ ሲመጣ ግን እንዴት ይመለሳል?

ጀንበሬ ገና ሳይሄድ ነው የተከለቻት። ከደጃፍ አንድ ትልቅ ሸክላ አመጣች፣ አፈሩን ሞላች፣ የበሰበሰውን ቅርፊት አራግፋ ሥሮቹን በሁለት እጇ ወደ ታች ገፋቻቸው፣ ዙሪያውን ጠቀጠቀች። ጀንበሬ ጎንበስ ብሎ እሱም በመዳፉ ተጫነ። እጆቻቸው ቀይ ሆኑ። ውሃ አፈሰሱበት። ቀይ ጭቃ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ሞላው።

“አሁን ሰው ሆነች” አለ ጀንበሬ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግ ነበሩ። ቅጠሎቹ ቀና አሉ፤ ወይም ቀና ያሉ መሰላት። ጀንበሬ ከመንገድ የድምፅ መልእክት ይልክላት ጀመር። ከጀርባው ሞተር ያጓራል፣ ፍየል ይጮሃል፣ አንዳንዴ ሾፌሮች ይሳደባሉ፤ እሱ ግን መጀመሪያ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው።

“አበባችን እንዴት ናት?”

አበባችን። ውብነሽ ያቺን ቃል መልሳ መልሳ ትሰማት ነበር። የስፌት መኪናዋን እግር እየረገጠች፣ ስልኩን ከክር ሳጥኑ ላይ አስደግፋ። በዚያ ቤት ውስጥ መዓዛ ከሞተች ወዲህ “የእኛ” የተባለ ነገር አልነበረም።

“ደህና ናት” ትለዋለች። “ሰላም ብላሃለች።”

ከዚያ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ያረጀ ቅጠል ነው አለች። ቀጥሎ ያለው ለሰለሰ፤ በጣት ሲነካ እንደ ደከመ ጆሮ ይታጠፋል። ውሃ ጠምቷት ይሆናል ብላ ውሃ ጨመረች። ከሸክላው መጥፎ ሽታ መውጣት ጀመረ። መስኮቱን ከፈተች። ጀንበሬ “አበባችን እንዴት ናት?” ብሎ ሲልክ፣ ከመመለሷ በፊት ሰዓታት ታሳልፍ ጀመር። ከዚያ “ደህና ናት” ትላለች።

ነገሩን ፊት ለፊት የነገረቻት ሳብሪን ናት። ሳብሪን በአጥሩ ማዶ የምትኖር፣ አያቶቿ ከየመን የመጡ ጎረቤት ናት፤ ከውብነሽና ከመዓዛ ጋር አብራ አድጋ አማርኛውን ከእነሱ ነው የለመደችው። ከሰዓት በኋላ፣ ጫቱ ገብቶ ወንዶቹ ሁሉ ወደየመቃሚያቸው ገብተው፣ ከተማው በሩን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ መርፌ ልትበደር መጣች። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ዞራ አሸተተች።

“ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ምን ሞቶብሽ ነው?”

“ምንም አልሞተም።”

ሳብሪን ገብታ አየች። ሸክላውን በጣቷ ጫረች።

“አፈር ውስጥ ከተትሻት?”

ውብነሽ መስኮቱን ይበልጥ ከፈተችው።

“መዓዛ ይህን ብታይ ከመቃብር ተነስታ በጥፊ ትመታሽ ነበር። ይቺ ልጅ እየሰጠመች ነው። አንቺ ደግሞ ውሃ ታጠጫታለሽ።”

“የደጋ አፈር ነው” አለች ውብነሽ፤ ስትናገረው ለራሷም ደካማ ሆኖ ተሰማት።

“የገነት ይሁን። አፍንጫዋ ውስጥ ነው የገባው።” ሳብሪን መርፌዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ማን ነው የሰጠሽ? ያ ባለ ሆዱ ሾፌር ነው?”

“ሂጂ አንቺ።”

“ሄድኩ።”

ሳብሪን ከሄደች በኋላ ውብነሽ የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ቀላል ነበር። ካወጣቻት ምናልባት ትተርፍ ይሆናል። ግን ከአፈሩ ስትወጣ “አበባችን” የሚባለው ነገርም አብሮ ይወጣል። ካላወጣቻት ደግሞ ሁለቱም አብረው ይበሰብሳሉ። እንዲህ ስታስብ መብራት ጠፋ። ኤሲው ዝም አለ። ቀስ በቀስም ከጀርባ ያለው ጠብ ጠብ ማለት ቀጥ አለ። ቤቱ እንዲያ ጸጥ ሲል ሰምታ አታውቅም። ወላፈኑ በመስኮቱ ገባ። ተነስታ መቀሷን አነሳች።

ሸክላውን በጎኑ አጋድማ በቀስታ ሳበቻት። ቀዩ አፈር እንደ ጡብ አንድ ላይ ተጣብቆ ወጣ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ሳፋውን እግሮቿ መሀል አድርጋ፣ በጀሪካኑ ባለው ውሃ ታጥበው ጀመር፤ ሳትቸኩል፣ የሕፃን ፀጉር እንደሚታጠብ። ጭቃው እየሟሟ ሲሄድ ሥሮቹ ታዩ። አብዛኞቹ ቡናማ ሆነዋል። በጣቷ ያዝ ስታደርጋቸው ልጣቸው ሙልጭ ብሎ ይወጣና መሀሉ እንደ ክር ቀጭን ገመድ ብቻ ይቀራል። ለካ ክር ነበረባቸው። ዕድሜዋን ሙሉ ክር ስትይዝ የኖረች ሴት ይህን ስታይ እጇ ቆመ።

መቀሷን በሻማ እሳት አንገርግባ አንድ በአንድ ቆረጠች። የበሰበሰውን ሁሉ፣ እስከ ጤናማው ድረስ። እየቆረጠች ስትሄድ ምንም የሚቀር አልመሰላትም። መጨረሻ ላይ ከግንዷ አጠገብ አንዲት ወፍራም ሥር ተገኘች፤ ጫን ስትላት አልለሰለሰችም። ሌላ አጭር ጉማጅም ነበረች። ውሃ አንጠባጠበችባት። ያቺ ሥር እንደ አመድ ብርማ ነበረች፤ ውሃው ሲነካት ግን ዓይኗ እያየ አረንጓዴ ሆነች። ለብዙ ዓመት አብረው ኖረው ይህን አይታ አታውቅም ነበር። የመዓዛን የተዘጋ በር አስታወሰች፤ ከዚያ በር ጀርባ ስንት እንዲህ ያለ ነገር አይታ ለብቻዋ ተደንቃ ይሆን?

ቁስሎቹ ላይ ከወጥ ቤት የቀረፋ ዱቄት ነሰነሰች፤ መዓዛ ቁስል ያደርቃል ትል ስለነበር መታጠቢያ ቤቱ ሁልጊዜ ቀረፋ ቀረፋ ይሸት ነበር። የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ከወገቡ ቆርጣ፣ ምስማር አግላ ታችና ጎኑን በሳሳችው፤ ብርሃን እንዲገባ፣ አየር እንዲያልፍ። ቅርፊት ስለሌላት ከሰል ፈለጠች። ከሰሉን አጥባ፣ ትልልቁን ከታች፣ ትንንሹን ከላይ አድርጋ፣ ተክሏን መሀሉ አስቆመቻት። መቆም አልቻለችም። ከአንድ መጋረጃ የተረፈ ወርቃማ ዘርፍ አምጥታ ከቀጭን እንጨት ጋር አሰረቻት። በዚያ ዘርፍ የታሰረች ሁለት ቅጠል፣ አንድ ሥር። የሚያሳዝን ነገር ነበር፤ ትንሽም ያስቃል።

አፈሩን አልደፋችውም። አድርቃ ወደ ማዳበሪያው መለሰችውና ከበሩ ኋላ አቆመችው።

ለጀንበሬ የሚነገረውን እያሰበች ከረመች። ፍየል በላቻት ማለት ይቻላል። በካርቲየ 3 ፍየል ካርቶን ይበላል፣ የተሰጣ ካልሲ ይበላል፤ ማንም አይጠራጠርም። በሩ ተከፍቶ ነበር፣ ነጭ ፍየል ገባች፣ እስክደርስ ጨርሳታለች። ውብነሽ ይህን ስፌት ላይ ሆና ደጋግማ ተለማመደችው። ፍየሏ አንድ ቀንዷ የተሰበረ እስከመሆን ደረሰች።

እሱ ሲመጣ ፀጉሩ እርጥብ ነበር፤ ወደቡ ላይ ታጥቦ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ነው የመጣው። ውሃ ጠጣ። ስለ ሙቀቱ አወራ። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ተመለከተ።

“አበባችንስ?”

ፍየሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰች። ውብነሽ የተተኮሰውን ሸሚዝ አየች፤ አንደኛው እጅጌ ላይ የካውያው ምልክት ነበረበት፣ ራሱ የተኮሰው ነው።

“አወጣኋት” አለች።

“ከምን?”

“ከአፈሩ። በስብሳ ነበር። አፈር የማይፈልግ ተክል ነው ጀንበሬ። እህቴ ነግራኝ ነበር፤ እያወቅኩ ነው የተከልኳት።”

ጀንበሬ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

“ደህና ናት ትዪኝ አልነበር?”

“እልህ ነበር።”

“ለምን?”

“አበባችን ስትል ደስ ስለሚለኝ።”

ይህን ተናግራ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች፤ የሚሰፋ ነገር ግን መርፌው ሥር አልነበረም። ጀንበሬ ብርጭቆውን በጣቱ አዞረው።

“አፈሩን ጣልሽው?” አላት በመጨረሻ።

“ከበሩ ኋላ አለ።”

ሄዶ ከረጢቱን በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገ፤ ውስጡ ሰው የተኛበት ይመስል፣ በቀስታ።

“ከጓሯችን ነው” አለ። “ከሚስቴ ጋር ተለያየን። ቤቱን ሸጥነው። ዕቃ የጫንኩ ዕለት የእሷን ለእሷ፣ የእኔን ለእኔ ስንለይ ውለን መጨረሻ ላይ ለእኔ የሚጫን ብዙም አልነበረም። አካፋ አየሁ፤ አፈር ጫንኩ። የት እንደማደርሰው አላውቅም ነበር። መንገድ ላይ አንቺ ትዝ አልሽኝ።”

“ቅርፊቱስ?”

“ረሳሁት። እውነቱ እሱ ነው።”

ውብነሽ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ሞላ። ተነስታ ከመታጠቢያ ቤቱ የጠርሙሱን ግማሽ አመጣችለት። ጀንበሬ ተቀብሎ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው። በላስቲኩ በኩል ጥቁሩ ከሰል፣ ብርማዋም ሥር ይታያሉ።

“በዚህች ናት የምትኖረው?”

“በእሷና በአየር።”

“ኪራይ የለባትም በያ” አለ። ወርቃማውን ዘርፍ በጣቱ አነሳ። “መጋረጃ ግን ሰፍተሽላታል።”

ሲሄድ ነው የነገራት። ከዚህ በኋላ በሞያሌ በኩል ነው የሚሠራው፤ ጭነቱ ተቀይሯል፤ ጅቡቲ የሚመጣ አይመስለውም። አፈሩ እሷ ጋ ይቆይ አለ። ሥር ካወጣች ፎቶ ላኪልኝ አለ። መንገዱ አፍ ላይ ሲደርስ ዞሮ እጁን አነሳ፤ ከዚያ ሚኒባስ ጋረደው።

ሙቀቱ በረታ። መውጣት የሚችል ሰው ሁሉ ወደ ደጋ ወጣ። ውብነሽ ግን መጋረጃ ሰፋች። በየጠዋቱ ጠርሙሱን ታያለች፤ ከሰሉን በውሃ ታርሳለች፣ ትጠብቃለች። አንደኛው ቅጠል ወደቀ። አንዱ ቀረ። እሱም ተጨማደደ፣ ግን አልወደቀም። አንዳንድ ቀን በቃ ትላለች። እንደገና ታርሰዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በተኛበት ሰዓት፣ ውሃ ልታንጠባጥብ ጎንበስ ስትል ከግንዷ ጎን የሆነ ነገር አየች። መጀመሪያ የወደቀ ክር መሰላት፤ ልታነሳው ጣቷን ሰደደች። ክር አልነበረም። ከቆዳው ፈንድታ የወጣች፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ ጫፏ አረንጓዴ፣ እርጥብ፣ የምታበራ ሥር ናት። ወደ ከሰሉ አልወረደችም። ወደ ጎን፣ ወደ ባዶው አየር ነው የጠቆመችው።

ውብነሽ እጇን ሰብስባ ቆየች። ከዚያ ስልኳን አምጥታ ፎቶ አነሳች። የመጀመሪያው ደበዘዘ። ሁለተኛው ጥሩ ወጣ። ለጀንበሬ ላከችለት። አንድ ምልክት ብቻ አሳየ፤ መልእክቱ ወጥቷል፣ አልደረሰም። ኔትወርክ የሌለበት መንገድ ላይ ይሆናል። ጠበቀች። ያው አንድ ምልክት።

ወደ ሳብሪን አጥር ሄደች፤ መስኮቷ ተዘግቷል፣ ተኝታለች። በመንገዱ ላይ ሰው የለም። አንዲት ውሻ በመኪና ጥላ ሥር ተዘርግታ ትተነፍሳለች። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ሁሉ ነጭ አድርጋዋለች።

ተመልሳ መታጠቢያ ቤቱ ገባችና በሩን ዘጋች። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከጀርባ ውሃው ይንጠባጠባል። ከጠዋት ጀምሮ ከማንም ጋር ስላልተነጋገረች ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ጠረገችው።

“ሥር አወጣች” አለች ጮክ ብላ።